የ«ሕዝብ ዜማ» ባለቤቶች
ከአርማጭሆ እስከ ቡርቧክስ ሊደመጡ የሚገባቸው ድምፆች

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሳንጃ የሚወርደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ትክል ድንጋይን ያገኛል። የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ አገሩ እየተሰነጠቀ፣ እየተገደለ ወደ ቆላው ይወርዳል። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የዚህችን ከተማ ስም የሚያገኝ አንባቢ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ደጋና ከአካባቢው የወጣው ቀረርቶና ሽለላ፣ ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች የወጣውም የመሰንቆ ጨዋታ፣ በመላ አገሪቱ መድረክና ራዲዮ ሲሰማ ኖሯል፤ ዛሬም ይሰማል። የካሴቱን ልባስ ገልብጦ ያነበበ ሰው ግን ከግጥሙ ደራሲና ከአቀናባሪው ስም ቀጥሎ የሚያገኘው አንድ አጭር ቃል ነው፤ «ዜማ፦ የሕዝብ»።

ይህ «ሕዝብ» የሚባለው ዜማ ደራሲ ማን ነው? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ድምፁን አስተባብሮ፣ ዜማ የደረሰበት ቀን የለም። አንድ ሰው ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ሦስተኛው አሳመረው። ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መለወጡ እውነት ነው፤ የሥነ ቃል ጠባይም ይኸው ነው። ነገር ግን ብዙ እጅ የነካው ሥራ ባለቤት የሌለው ሥራ አይደለም። በጎንደር አካባቢ ደግሞ እነዚያ እጆች በአመዛኙ የአንድ ሙያ ሰዎች እጆች ነበሩ፤ የአዝማሪዎች። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም እነርሱን በስም መፈለግ፣ ስማቸው ያልተገኘውን በሥራቸው ማድመጥ፣ አንባቢም ጆሮውን ቢያውላቸው የማይቆጭባቸውን ጥቂት ድምፆች ማመልከት ነው።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታቱ ለእነ ዓምደ ጽዮን፣ ለእነ ይስሐቅ፣ ለእነ ዘርዓ ያዕቆብ የተገጠሙት የውዳሴ ዘፈኖች በእጃችን ካሉት የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ የቀደሙ ናቸው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉይዲ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሳትሟቸዋል። የተመሰገነው ንጉሥ፣ የተሸነፈው ጠላት፣ የተያዘው አገር ሁሉ በስም ተጠርቷል። ገጣሚው ግን አልተጠራም። አማርኛ በጽሑፍ ታሪኩ የጀመረው በዘፋኝ ቃል ነው ማለት ይቻላል፤ ያን ዘፋኝ የምናውቀው ግን ባለማወቅ ነው።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ካቆሙ በኋላ ከተማዋ የሁለት ዓይነት ዜማ አገር ሆነች። አንደኛው የቤተ ክህነት ነው። የጎንደር አቋቋም እስከ ዛሬ የጎንደርን ስም ይዞ ይጠራል፤ የበአታ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ ትምህርት ማስመስከሪያ በመሆን ትታወቃለች። በዚህ ትምህርት ቤት አንድ መሪጌታ ዜማውን ከማን እንደተቀበለ፣ መምህሩም ከማን እንደተማረ፣ የመምህራኑን ሐረግ ወደ ላይ ቆጥሮ መናገር ይችላል። ሁለተኛው ዜማ ከዚያው ደብር ቅጥር ውጭ፣ በጠጅ ቤቱና በሠርጉ ዳስ የሚሰማው ነው። እርሱም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የሚወርድ፣ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት አለው። የዚህኛውን ሐረግ ግን ማንም በብራና አላሰፈረውም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ «ዘመረ» ከሚለው ግሥ መውጣቱን ያስተዋለ ሰው ሁለቱ ዜማዎች ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደሆኑ ይገባዋል። አንደኛው ማዕረግ ሲያገኝ ሌላው ለስድብ ዋለ።

የውጭ ታዛቢም ቢሆን ይህን ሚዛን አላስተካከለውም። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ አገሪቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፈው ማስታወሻ በእንግሊዛዊው ዶክተር በርኒ የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። ብሩስ በአገሩ ስድስት መሣሪያዎች እንዳሉ ይቆጥራል፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ባለ አውታሩ ክራር። የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክርስቲያኑ መሣሪያዎች እዚያ አሉ። መሰንቆ ግን ከስድስቱ አንዱ አይደለም።

አዝማሪው ቸል የሚባለው ዝም ሲል ብቻ ነበር፤ ሲናገርማ ይፈራ ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደምቢያ ውስጥ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከቋረኛው ካሣ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው ወደቁ። የጎሹ አዝማሪ ከውጊያው በፊት ካሣን በግጥም ተሳልቆባቸው ነበርና ተማርኮ ፊታቸው ሲቀርብ፣ ምን ብሎ እንደነበር ጠየቁት ይባላል። እርሱም ምሕረት አልለመነም። ለራሱ የሚገባውን ፍርድ እዚያው በግጥም ፈረደ፤ ተገደለም። ታሪኩ በአገሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር ኖሯል። ድል አድራጊውንና ድል የተነሡትን ሁሉም በስም ያውቃቸዋል፤ የአዝማሪውን ግጥም ደግሞ ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል። ግጥሙ ከባለቤቱ ስም በላይ ዕድሜ አገኘ።

ተመሳሳዩ ፍርሃት በፋሽስት ወረራ ጊዜ እጅግ በከፋ መልክ ተመለሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ዘፋኝ ተራኪዎች፣ ጠንቋዮችና አዋቂዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀንም ሰባ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ጋዜጣ በሌለበት አገር አዝማሪ ወሬ ነበር፤ ከገበያ ገበያ፣ ከሠርግ ሠርግ የሚያልፈው ዜና በእርሱ አውታር ላይ ይጓዛል። የዚያን ዘመን አርበኞች በየአደባባዩ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የሚገባም ነው። በዘፋኝነታቸው ብቻ የተረሸኑት ሰዎች ግን ዛሬም በቁጥር ብቻ ይታወቃሉ።

በዚሁ ዘመን አርማጭሆ የአርበኞች አገር ነበር። አሞራው ውብነህ በሚል ስም የሚታወቁትን አርበኛ የማያነሳ የጎንደር ሽማግሌ የለም። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ጎንደር ላይ አድርጎ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ ገደሉና ዋሻው ፀጥታ አላገኘም። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክራችን ከዚህ ይነሣል፤ ቀረርቶን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሙዚቃ አድምጡ።

ከተሜው አድማጭ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ ሲባል ሦስቱንም አንድ አድርጎ የጩኸት ዓይነት ይመስለዋል። ፉከራ በአመዛኙ ንግግር ነው፤ ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ እየተንጎራደደ ሥራውን፣ ዘሩን፣ ቁጭቱን ይቆጥራል። ቀረርቶ ግን ዜማ ነው። ምት የለውም፤ ወይም ምቱ የዘፋኙ እስትንፋስ ነው። ድምፁ ከላይ፣ ከጣሪያው ይነሣል፤ እዚያው ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ከዚያ በቃላቱ መጨረሻ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። የአገሩ አቀማመጥ ያስተማረው ይመስላል፤ ከአንዱ ተረተር ወደ ማዶው ተረተር የሚጣራ ሰው ድምፁን የሚያወጣው እንዲሁ ነውና። መልካም አቅራሪ የሚለየው በጉልበቱ አይደለም፤ ሲወርድ በሚያሳየው ቁጥብነት ነው። የላይኛውን ድምፅ ብዙዎች ይደርሱበታል። የአወራረዱን ነገር የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ጥበብ ዓለም የሰማው በሌላ ሰው እስትንፋስ በኩል ነው። የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን መጫወት ከጀመሩ በኋላ ዝናቸው አገሩን ሞላ። በ1998 ዓ.ም. ከሆላንዶቹ «ዘ ኤክስ» ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሥራ ሲያወጡ የአውሮፓ ሐያስያን ድምፁን ከአሜሪካ የነፃ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የነገሩን ምንጭ አልደበቁም፤ የምጫወተው ሽለላ ነው ይሉ ነበር። ምስጋናው ለእርሳቸው ይገባል። ነገር ግን የሳክስፎኑን ሽለላ የወደደ ሰው አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄዶ መሣሪያ ያልያዘውን፣ ጉሮሮውን ብቻ የያዘውን የገጠር አቅራሪ ቢሰማ፣ የወደደው ነገር ግማሹ ከየት እንደመጣ በጆሮው ያረጋግጣል።

ሁለተኛው ምክር በስም የምናውቃቸውን፣ ነገር ግን የሚገባቸውን ያህል የማይደመጡትን ይመለከታል። ከሁሉ አስቀድሞ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ አሉ። የምንጃሩ ሰው እንጂ የጎንደር አይደሉም፤ በትውልድም አዝማሪ አይደሉም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለሙያ ትምህርት ጀርመን አገር ተልከው ሳለ፣ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት በሸክላ ያስቀረጹት መሰንቆና ድምፅ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያው የሸክላ ቅጂ ሆኖ ይቆጠራል። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 27ኛው ቅጽ ውስጥ ይገኛል። የሸክላው መንጫጫት መጀመሪያ ጆሮ ይረብሻል። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ግን ይረሳል፤ የሚቀረው የአንድ ተጫዋች ሰው ፈገግታ ነው። መሰንቆ የከበርቴም የሊቅም መጫወቻ ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የክራሩ ሰው ካሣ ተሰማ በዚሁ ተከታታይ 29ኛ ቅጽ ውስጥ አሉ። እርሳቸውን በሌሊት፣ ለብቻ እንዲሰሙ እመክራለሁ፤ ለድግስ የሚሆን ሙዚቃ አይደለም። አስናቀች ወርቁን ብዙ ሰው በተዋናይነታቸው ያስታውሳል፤ የክራር ሥራቸው 16ኛውን ቅጽ ይዟል። ከጎንደር ወገን ደግሞ ይርጋ ዱባለ አሉ። የይርጋን ድምፅ የሰማ ሰው የአገሩን የአማርኛ ለዛ፣ የቃሉን መጨረሻ ረገብ አድርጎ የመልቀቅ ልማድ፣ በአንድ ጊዜ ይለያል። የእርሳቸው የቆዩ ቅጂዎች ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው እየተገለበጡ ድምፃቸው የደበዘዘ ቢሆንም፣ በቅንብር ከተጫኑት ከኋለኞቹ ይልቅ እነዚያን ፈልጎ መስማት ይሻላል።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚመክረው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ መንደር ነው። ቡርቧክስ በጎንደር አካባቢ የምትገኝ የአዝማሪዎች መንደር ናት። ልጆቹ መሰንቆን የሚማሩት ከቤተሰባቸው ነው። መሣሪያው ሲታይ ቀላል ነው፤ አራት ማዕዘን የእንጨት ገበታ፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ አውታር፣ አንድ ደጋን። ጭንቁ ያለው ጣት ላይ ነው። ተጫዋቹ አውታሩን ከአንገቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም፤ በጣቱ ጎን ይዳስሰዋል። ስለዚህ ድምፁ የሚገኝበት ምልክት የለም፤ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺ ሆዬ፣ ቅኝቱ የሚኖረው በልጁ ጆሮ ውስጥ ነው።

የእነዚህን ተጫዋቾች ጨዋታ የሚሰማ ሰው ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛ፣ መሰንቆው ድምፁን አያጅብም፤ ይከተለዋል። ዘፋኙ የተናገረውን ቃል ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ፣ ጥቂት ጨምሮበት ይደግመዋል፤ ቃሉ ሲያበቃ ብቻውን ይናገራል። በኪቦርድ የተቀናበረ መሰንቆ ይህን ንግግር ያጣል፤ ልኩ ሁሉ ተስተካክሎ ወሬው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ «ተቀበል» የሚባለው ነገር ነው። አድማጩ ከመቀመጫው ሆኖ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በዚያው ቅጽበት ተቀብሎ፣ ቤቱን አስተካክሎ፣ ለዜማው መጥኖ ያወጣዋል። የተሰጠው ስንኝ ሰምና ወርቅ ካለው ወርቁን ሳያወጣ ሰሙን ብቻ ማቅረብ፣ ባለስንኙን ሳያስቀይም ተሰዳቢውንም ሳያስቆጣ መውጣት ይጠበቅበታል። ይህ በስቱዲዮ አይቀረጽም። የሚቀረጸው ውጤቱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም።

ሙያው የራሱ ቋንቋም አለው። አዝማሪዎች በእንግዶች መካከል ሆነው እርስ በርሳቸው የሚግባቡበትን ልዩ አነጋገር የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በ1944 ዓ.ም. ገደማ አጥንቶ አሳትሞታል። አሽናፊ ከበደም በ1967 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ስለ አዝማሪ ገጣሚነትና ሙዚቀኛነት ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ጎንደር አዝማሪዎች በጣም የቀረበው ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ ነው። በ1998 ዓ.ም. በወጣው ፊልሙ የጎንደር አዝማሪ ልጆች በከተማዋ መንገዶች እየተዘዋወሩ፣ ሥራ እየፈለጉ፣ እየተባረሩም እየተሸለሙም ያሳየናል። መምህራን በክፍል ውስጥ ቢያሳዩት መልካም ነበር። ልጆቹ በዚያ ፊልም ውስጥ የሚዘፍኑት በራሳቸው ስምና በራሳቸው ፊት ነው፤ በእኛው ካሴቶች ላይ ያላገኙት ነገር።

ይህ ማለት በአገር ውስጥ የተሠራ ሥራ የለም ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የገጠሩን ዜማ ወደ መድረክ አምጥተውታል። ብዙ አዝማሪም በእነርሱ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ የወር ደመወዝ ቀምሷል። ዋጋው ግን ተከፍሏል። ግጥሙ በጊዜው መፈክር ተተካ፤ ዜማውም የቡድኑ ሆነ። ቡድኑ ሲበተን ዜማው ወደ «ሕዝብ» ተመለሰ፤ ከ«ሕዝብ»ም በከተማ ያሉ ድምፃውያን ወሰዱት። ማንም ሌባ አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ሁሉም ከሜዳ ያነሣው መሰለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከደራሲው ሌላ የከዋኙን መብት ያውቃል። መብቱ የሚሠራው ግን ስሙ ለተመዘገበ ከዋኝ ነው። በሠርግ ቤት በስልክ ተቀርጾ በየመገናኛው የሚዞረው የአዝማሪ ጨዋታ ዛሬም ብዙውን ጊዜ የሙሽሮቹን ስም ይዞ ይወጣል እንጂ የተጫዋቹን አይደለም። የባህል ቢሮ ባለሙያዎች ለቀረጻ ወደ ወረዳ ሲወጡ ከመሣሪያው በፊት መዝገብ ቢይዙ፣ ዜማውን ከማን እንደተማረ አዝማሪውን ቢጠይቁ፣ የመሪጌታው ዓይነት ሐረግ ለእርሱም መጻፍ ይጀመር ነበር።

አሁን ያለው ጊዜ ለዚህ ሙያ ጠባብ ነው። አዝማሪ በመንገድና በሌሊት የሚኖር ሰው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋና ሌሊት በተገደበ ቁጥር መጀመሪያ እንጀራውን የሚያጣው እርሱ ነው። በአዲስ አበባም ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ዳንሰኛው መላኩ በላይ ያቆዩት ታዋቂው አዝማሪ ቤት ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. ከነበረበት ተነሥቷል። ከአገር ውጭ ያለው ዜና በአንጻሩ የሚያስደስት ነው። እቴነሽ ዋሴ ከቱሉዝ ከተማ ሙዚቀኞች ጋር የሠሩትና «ዘራፍ» የተባለው ሥራ፣ ርእሱ እንደሚመሰክረው፣ የፎካሪውን ቃል በሴት ጉሮሮ ያወጣ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ ለወጣት አድማጭ አስቀድሜ የምሰጠው እርሱን ነው። በእስራኤል ደግሞ ደጀን ማንችሎት መሰንቆን ከሰሜን ጎንደር መንደሮች ለሄዱ ቤተ እስራኤላውያንና ለልጆቻቸው ይጫወታሉ።

ከመጨረሻው በፊት አንዲት ሴት ሳትነሣ ማለፍ አይገባም። በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. ፈረንሳዮቹ የዳካር–ጅቡቲ ልዑካን ጎንደር በሰፈሩ ጊዜ፣ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የዛር ባላባቷን የመልካም አየሁን ዘፈኖች በደብተር እየመዘገበ ወራት አሳልፏል። ስለ ዛር ያለን አስተያየት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዚያን ዘመን የጎንደር ዘፈን ከነዘፋኟ ስም፣ ከነጠባይዋ፣ ከነቁጣዋ የተጻፈበት ሌላ መዝገብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የመልካም አየሁ ድምፅ ሊደመጥ አይችልም፤ ይነበባል።

በጆሮ ሊደመጡ የሚችሉት፣ ግን በካሴትም በመድረክም የማይገኙት ላሊበሎች ናቸው። ባልና ሚስት ሆነው ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው፣ አንዱ አውጥቶ ሌላው ተቀብሎ፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በግጥሙ ውስጥ እያስገቡ ይዘፍናሉ። ያለ መሣሪያ ነው፤ ሁለት ድምፅ ብቻ። ካዋሴ ስለ እነርሱም በ1997 ዓ.ም. ፊልም ሠርቷል። የቤቱን ባለቤት በስም ያወድሳሉ፤ የራሳቸውን ስም አይናገሩም። ምጽዋቱን ተቀብለው ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉና፣ መስማት የሚፈልግ ሰው ሌሊት በ11 ሰዓት መንቃት አለበት።